አባባ የፈታው ድንኳን

ሰም ሸተተኝ። ሻማ ሲጠፋ የሚሸተውን ማለቴ አይደለም፤ ያኛው ቀጭን ነው፣ ወዲያው ይጠፋል። የኔ ሰም በብረት ድስት ቀልጦ፣ በጨርቅ ተነክሮ፣ ሸራ ላይ ተወልውሎ፣ ዝናብ መትቶት ፀሐይ ያደረቀው፣ ከዚያም ደግሞ ዝናብ የመታው ሰም ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጨለለቂ ሰፈር፣ የጫልቱ አባት ቤት፣ ቆጡ ሥር ቆሜ ይህ ሽታ ከላይ ሲወርድብኝ የተገለበጠ ሳፋ ላይ ዘጭ አልኩ። ጫልቱ ደነገጠች። «ብርቄ! ምነው? ውሃ ላምጣልሽ?» አለችኝ። ውሃ ምን ያደርግልኛል። አባባ ነው እኮ የሸተተኝ።

እዚያ ቤት እንዴት እንደገባሁ እነግራችኋለሁ። ግን መጀመሪያ ስለ አባባ ካልነገርኳችሁ፣ የምትታያችሁ ሳፋ ላይ የተቀመጠች አሮጊት ብቻ ናት።

አያቴ ታፈሰ፣ እኛ አባባ የምንለው፣ ልብስ ሰፊ ነበር። በጎረምሳነቱ ከጎጃም በእግሩ መጥቶ፣ ነቀምቴ ላይ አንድ ሳምንት አርፌ እቀጥላለሁ እንዳለ፣ እዚያው አግብቶ እዚያው ወልዶ የቀረ ሰው ነው። እናቴ እኔ ድክ ድክ ስል ስላረፈች ያሳደገኝ እሱ ነው። ያደግሁትም የእግር መኪናው ሥር፣ ከሚወድቀው ቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር ነው። ያኔ ነቀምቴ ከተማ ትባል እንጂ የሰውን ውሻ እንኳ በስሙ የምንጠራባት ነበረች። ዛሬ ባጃጁ ጆሮ እስኪያደነቁር ሽቅብ ቁልቁል በሚልበት መንገድ ላይ ማር የጫኑ በቅሎዎች ብቻ ነበሩ የሚያልፉት። የአባባ ሱቅ፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር በሚገናኙበት ማዕዘን ነበር። ካኪ ቁምጣ በሽልንግ ያጠብብ ነበር፤ ለመምህራን ቴትሮን ሸሚዝ ይሰፋል፤ ኋላ ደግሞ እግሩ ሥር መሬት የሚጠርግ ሱሪ መጣና ጎረምሳው ሁሉ ሲሰለፍ፣ «ይሄ ሱሪ ነው የመጥረጊያ ወንድም?» እያለ ይሰፋላቸው ነበር። ፊት ለፊት ሻይ ቤት ነበረ፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም። የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ሲዘፍን አባባ በእግሩ የመኪናውን መርገጫ በዘፈኑ ምት ይረግጣል። ፈጣን ዘፈን ሲመጣ ስፌቱ ይሮጣል። እኔ እስከ ዛሬ አሮጌ ሱሪ ስተረትር፣ ይሄ በለቅሶ ዜማ የተሰፋ ነው፣ ይሄ በጭፈራ ነው እላለሁ ለራሴ።

ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ከአባባ የልኬት ደብተርና ቅድ ከሚያወጣበት አሮጌ ጋዜጣ ተማርኩ። ለዚህ ነው የዓለምን ወሬ ግማሹን ብቻ የማውቀው፤ የቀረው ግማሽ እጅጌና አንገትጌ ሆኖ ተቆርጧል።

ታዲያ አባባን ሰው የሚያውቀው በሱሪው አልነበረም። በእድሩ ነው። እድራችን ላይ ሰፈርንም ታች ሰፈርንም አንድ ላይ የያዘ፣ ማርያም የሚስመውም ጸሎት ቤት የሚሄደውም አብሮ የሚቀበርበት እድር ነበር። ጥሩምባ ነፊው ማለዳ ሲነፋ፣ ቀጥሎ የሟቹን ስም በኦሮምኛም በአማርኛም ሲጠራ፣ አባባ የያዘውን ጥሎ ይነሣል። አንድ ሙሽራ የሠርጉ ሱሪ አንድ እግሩ ተሰፍቶ አንዱ ሳይሰፋ ጥሩምባ ተነፋ። አባባ መቀሱን ኪሱ ከቶ ወጣ። ሙሽራው እየሮጠ ተከተለው፤ «ኧረ ጋሼ ታፈሰ! ነገ እኮ ነው! በአንድ እግር ነው እንዴ የማገባው?»

«አንተ ቆመህ ታገባለህ፣ እሱ ተኝቷል» አለው አባባ ሳይዞር። «ተኝቶ የሚጠብቅ ይቅደም።»

ማታ ተመልሶ ሁለተኛውን እግር ሰፋለት፤ ሙሽራውም መኪናው አጠገብ በቁምጣ ተቀምጦ ጠበቀ። ይህን ታሪክ ነቀምቴ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

ድንኳኑን የሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሸራውን አባባ፣ እንጨቱን ኦቦ ቶለሳ። ኦቦ ቶለሳ የታች ሰፈር አናጢ ነበሩ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ። ከአባባ ጋር ጓደኛ ነበሩ ማለት ያንሳል። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት የሱቁ ደፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ አባባ በጎጃምኛው፣ እሳቸው በኦሮምኛቸው፣ አንዱ የሌላውን ሳያቋርጥ ይጫወታሉ። «አከም ቡልቴ፣ ታፈሳ?» ይላሉ ሲመጡ፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። እኔን «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉኝ ነበር፤ አባባም ከሳቸው ወስዶ እንደዚያው ይጠራኝ ጀመር። ክረምት ሳይገባ ሁለቱ ሰም አቅልጠው ሸራውን ይቀባሉ። የወለጋ ሰም እንደሆነ ሞልቷል፤ ማር ነጋዴዎቹ ለእድር ነው ሲባል በነጻ ይሰጡ ነበር። ኦቦ ቶለሳ ገመዱን ሳይቀር ሰም ያጠጡታል፤ «ገመድ ከበሰበሰ ሸራ ምን ይሠራል» እያሉ። ሸራው ሲቀደድ አባባ የሚጥፈው ከሰው ልብስ በተረፈ ቁራጭ ነው። አንዱ ጥጋት ላይ የተማሪ ካኪ፣ አንዱ ላይ የአንዲት ነርስ ሰማያዊ ካፖርት፣ አንዱ ላይ ያ የሙሽራው ሱሪ ጨርቅ። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ቀና ሲል የራሱን ልብስ እላዩ ላይ ያያል። «ታፈሰ ሁላችንንም አናታችን ላይ ሰፋን» ይሉ ነበር እየሳቁ፣ ለቅሶም ላይ ቢሆን።

አሁን የማልወደው ቦታ ደረስኩ።

ዘመኑ መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ነው። ዓመተ ምህረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ የማስታውሰው ሰው ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ማን እንደሆንክ የሚያስብበት ጊዜ እንደመጣ ነው። እኔ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ መኪናው ላይ ተቀምጬ አብሬው እሰፋ ነበር። አንድ ማለዳ ጥሩምባው ሁለት ጊዜ ተነፋ። ታች ሰፈር የኦቦ ቶለሳ እናት፣ በዕድሜ የጠገቡ ሴት፣ አረፉ። ላይ ሰፈር ደግሞ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ ወጣት መምህር፣ የሚያስታምመው እንኳ ሳይኖረው ኪራይ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ድንኳኑ አንድ ነው። ቁልፉ ያለው አባባ እጅ ነው።

አባባ አሰበ። ያሰበውንም ነገረኝ፤ ሸራውን አብረን እያወጣን ነበር። «ይሄ ልጅ ዘመድ የለውም። ግቢው ጣራ የለው፣ በረንዳ የለው። ቶለሳ ሰፊ በረንዳ አለው፣ ወገን አለው። ደግሞ ቶለሳ እኮ እኔ ነኝ። እኔ ባጣ ምን አለበት?» ይህ ነው የአባባ ጥፋት። ጓደኛውን እንደ ራሱ ቆጠረው፤ ሰው ደግሞ ከራሱ አይደል ቀድሞ የሚቀንሰው። ወርዶ «ቶለሳ፣ ለዚህ ልጅ ብሰጥ ምን ትላለህ?» ቢል ኖሮ፣ እሳቸው ራሳቸው እንጨቱን ተሸክመው ሽቅብ ይወጡ ነበር። አልጠየቀም። ራስህን ትጠይቃለህ እንዴ?

ወሩ የዝናብ አልነበረም። ስድስት ሰዓት ላይ ግን ሰማዩ ተቀደደ። ታች ሰፈር በረንዳው የሰፈሩን ለቀስተኛ እንዴት ይቻለው፤ ሴቶቹ ግድግዳው ሥር ተጣበቁ፣ ንፍሮው በየሳህኑ ውሃ ሞላው፣ የእናትዮዋ ሳጥን ሲወጣ ኦቦ ቶለሳ ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሱት። አባባ የመምህሩን ነገር አስተካክሎ በጭቃ እየተንሸራተተ ሲደርስ እሳቸው በሸሚዝ ቆመው ውሃ ይወርዳቸዋል። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ኦቦ ቶለሳ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር።

«ታፈሳ፣ ኦቦሌሳ ኮ» አሉት፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። «ለእናቴ ሸራ አጣህላት?»

አባባ «እኔ ነኝ» የሚለውን ሰው፣ «አንተ እኔ ስለሆንክ ነው» ብሎ በዝናብ መሀል ማስረዳት እንዴት ይቻላል። በማግስቱ ግን ሌሎች ተናገሩ። «ለአገሩ ልጅ አደላ» አሉ ታች። «ምን ይሉናል፣ እኛ ለሙታን መርጠን እናውቃለን?» አሉ ላይ። ዘመኑም ነፋስ ሰጠው። በየስብሰባው አባባ እየተነሣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሰፈር አታድርጉት» ይላል፤ አንዱም አይሰማው። «ተቀመጡ ጋሼ ታፈሰ፣ ነገሩ ከርስዎ አልፏል» አለው አንድ እሱ የክርስትና ልብሱን የሰፋለት ልጅ። ኦቦ ቶለሳ ስብሰባም አልመጡ፣ ሱቅም አልመጡ። ጠዋት ጠዋት የደፉ ግማሽ ባዶውን ይውላል፤ አባባ በአንደኛው ጫፍ ብቻ ይቀመጣል፣ ቦታ ትቶ።

እድሩ ተከፈለ። ድስቱ፣ አካፋው፣ አግዳሚው፣ ሁሉ እኩል እኩል። ድንኳኑ ላይ ሲደርሱ ተፋጠጡ። አንዱ ዕጣ አለ፣ አንዱ ይቆረጥ አለ። አባባ ተነሣና «እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ እኔ አካፍላለሁ» አለ። በማግስቱ ግቢያችን ውስጥ ሸራውን ዘርግቶ ከኦቦ ቶለሳ የዋንዛ ምሰሶ አጠገብ ተቀመጠ። መቀስ አልያዘም። ምላጭ ይዞ የመሀሉን ስፌት፣ ያን ከሠላሳ ዓመት በፊት በእጁ የሰፋውን፣ አንድ በአንድ ፈታው። ጠዋት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ። «አልቆረጥኩትም» አለኝ ቀና ሳይል። «ፈታሁት። ልዩነቱ ይገባሻል?»

ከዚያ ሁለት ቀን በተፈታው ጠርዝ፣ በሁለቱም ግማሽ በኩል፣ ቀዳዳ ስንሠራ ዋልን። እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ዙሪያውን በወፍራም ክር የተዘመዘመ፣ የሰው አውራ ጣት የሚያስገባ። በአንደኛው ግማሽ ሃያ አንድ፣ በሌላኛው ሃያ አንድ፣ ሲገጥሙ ትክክል ፊት ለፊት የሚተያዩ። «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ስለው፣ «ገመድ ሲያልፍባቸው አንድ ይሆናል። ዝናብም አያስገባ» አለ። ልንገራቸው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «አይሆንም። የተነገረው ሰው ለይሉኝታ ያስራል። ራሱ ያገኘው ግን ወዶ ያስራል። ተያቸው፣ ያገኙታል።»

«ባያገኙትስ?»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ አየኝ። «ያን ጊዜ አንቺ አለሽ» አለኝ።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደደገምኩት አታውቁም። ገበያ ስሄድ፣ ክር በመርፌ ሳስገባ። አንቺ አለሽ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረ። ታች ሰፈር ለቅሶ ሲሆን ሳይጠሩት ይወርዳል፤ ከግማሻቸው ሸራ ጥግ ተቀምጦ፣ ንፍሮ ቀምሶ፣ ሲፈርስ ሸራውን አጥፎላቸው ይመለሳል። ኦቦ ቶለሳን አንገቱን ሰብሮ ሰላም ይላል፤ እሳቸውም አንገታቸውን ይሰብራሉ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል የለም። ሸራ ሲያጥፍ ቀዳዳዎቹን በጣቱ እንደሚዳስስ እኔ አውቅ ነበር። የገባ ገመድ ኖሮ እንደሆነ ማየቱ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱን አይቼ እንዳልገባ እረዳለሁ። ምሰሶው ሳይካፈል ግቢያችን ቀርቶ ነበር፤ ሁለቱም ግማሽ ያለ መሀል ምሰሶ ስለሚጣል በየለቅሶው እንደ ረሀብተኛ ከብት ሆዱ ይረግብ ነበር። አባባም እንደዚያው ረገበ። ሳል ጀመረው፣ ከዚያ አልጋ ያዘ፣ ከዚያ አንድ ሐሙስ ሞተ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ሲዘፍን እግሩ ብርድ ልብሱ ሥር ይረግጥ ነበር።

ማለዳ ጥሩምባ ተነፋ። የእኛ ሰዎች ግማሹን ሸራ ጣሉ። ትንሽ ቆይቶ ከበራፉ የሰው ኮቴ ሰማን። ታች ሰፈር ማንም ሳይጠራው የራሱን ግማሽ ተሸክሞ መጥቷል፤ ከፊት ኦቦ ቶለሳ ጋቢ ለብሰው። ልቤ ዘለለ። ዛሬ ነው አልኩ። አጎቴ፣ የአባባ ልጅ፣ ግን ወጣና በጨዋ አንደበት፣ «እግዜር ይስጥልን፣ በዚያ በኩል፣ አጥሩ ጋ ይሁንላችሁ» አለ። ጣሉት። በሁለቱ ሸራ መካከል አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ሰማይ ቀረ። ቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት ሆነው ይተያያሉ፤ ሃያ አንድ በዚህ፣ ሃያ አንድ በዚያ። ሰው ሁሉ ከሥራቸው ተቀምጦ አንድም ቀና ብሎ ያየ የለም፤ እኔም ልብ ብዬ ያየሁት የእኛን ጠርዝ ብቻ ነው።

ሳጥኑ ሲወጣ ደግሞ መግደርደር መጣ። «እናንተ ሥር ይሁን፣ ባለቤት ናችሁ።» «የለም፣ እንግዳ ናችሁ፣ እናንተ ሥር ይሁን።» ሲባባሉ፣ ሲባባሉ፣ ማንንም እንዳያስቀይም መሀል ላይ፣ ኦቦ ቶለሳ የሠሩት አግዳሚ ላይ አሳረፉት። ካህኑ ሳይጨርሱ ዝናቡ ጀመረ። በቀጥታ በዚያች አንድ ክንድ ተኩል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሬሳ እንዳይረጥብ የሮጠ ሰው፣ በገዛ ሸራዎቹ መካከል፣ በገዛ ግቢው ረጠበ።

እኔ ከሳጥኑ ሦስት እርምጃ ላይ ነበርኩ። ገመድ ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይታየኛል። አፌን ከፈትኩ። አጎቴ አየኝና «ምንድን ነው?» አለኝ። የሰዉ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሴት ነኝ፣ ሽማግሌዎቹ የወሰኑትን ላፈርስ ነው።

«ምንም» አልኩ።

አንቺ አለሽ ብሎኝ ነበር። ምንም አልኩ።

ከዚያ ሌላው መጣ። ሰዉ ለመሸኘት ሲነሣ አጎቴ ለኦቦ ቶለሳ ቀኝ እጁን ዘረጋ። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አላወጡም። ከድንኳናቸው ጠርዝ ሳይነቃነቁ፣ ቀኑን ሙሉ እንደቆሙት ቆመው፣ ግራ እጃቸውን ሰጡት። በለቅሶ! አጎቴ ነካ አድርጎት ለቀቀው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ቀን ያለቀሰ ዓይን በነጋታው ደም ለበሰ። «በአባቴ አስከሬን ላይ ግራ እጁን ሰጠን» ተብሎ ላይ ሰፈር ሙሉ ተወራ። እኔም አምኜ፣ እኔም አውርቼ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ኦቦ ቶለሳ ሲያርፉ ከቤታችን አንድም ሰው አልሄደም። እኔ በራፉ ላይ ቆሜ ጥሩምባውን ሰማሁ፣ ስማቸውን ሰማሁ፣ ገብቼ ሱሪ ሰፋሁ። የታፈሰ የልጅ ልጅ፣ ጥሩምባ ሰምታ መኪናዋ ላይ የተቀመጠች። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ካልጻፍኩት የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

የእኛን ግማሽ ሸራ ምን እንዳደረግኩትም ልናገር። እድሩ ኋላ ቆርቆሮ አዳራሽ ሠራና አሮጌውን ሸራ ለእኔ ሰጡኝ፤ «ያያትሽ ነው» ብለው። አንድ ክፉ ዓመት መጣ፣ ልብስ የሚያሰፋ ጠፋ፤ ሸራውን ቆራርጬ የተማሪ ቦርሳ ሰፍቼ ገበያ አወጣሁት። ጠርዙ ቀዳዳ ስለነበረው ለቦርሳ አይሆንም፤ ለጎረቤት ጥጃ ማሰሪያ ሰጠሁት። አባባ ምላጭ ብቻ ያነሣበትን፣ እኔ መቀስ ይዤ ገባሁበት።

አሁን ወደ ሳፋው ልመለስ። ከሁለት ሳምንት በፊት አሁን በምኖርበት ሰፈር፣ ቡርቃ ጃቶ፣ ጎረቤታችን አርፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነበር። ድንኳኑ ኪራይ ነው፤ ነጭ ላስቲክ፣ ቱቦ ብረት፣ ምንም የማይሸት። አንዲት የእኔ ዕድሜ ሴት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ጫልቱ ናት፣ የኦቦ ቶለሳ ልጅ። ለሠላሳ ዓመት በመንገድ ላይ ራሳችንን እየነቀነቅን ያለፍን ሰዎች ነን።

«ብርቄ ነሽ አይደል?» አለችኝ። «ያባቴ ቤት ለመንገድ ሊፈርስ ነው። ቆጡ ላይ የናንተ ዕቃ አለ። መጥተሽ ካልወሰድሽው እሳት ነው የሚበላው።»

«የእኛ ምን ዕቃ?»

«ነይና እዪው። ቅዳሜ ነይ። ደግሞ እንደ ልጅነትሽ አታርፍጂ፤ አፍራሾቹ ቀጠሮ ያከብራሉ» አለች። ሳልፈልግ ሳቅኩ። ለቅሶ ላይ።

ቅዳሜ በባጃጅ ወደ ጨለለቂ፣ ያኔ ታች ሰፈር ወደምንለው፣ ሄድኩ። ልጇ ጥቅሉን ከቆጡ አውርዶ ግቢው ላይ ዘረጋልን። አባባ እዚያ ነበር። የነርሷ ሰማያዊ ካፖርት፣ የተማሪው ካኪ፣ የሙሽራው ሱሪ፣ ሁሉም በየቦታው። ጠርዙን ስይዝ ግን እጄ ቆመ። በሃያ አንዱም ቀዳዳ ውስጥ ገመድ ገብቷል። ተስቦ፣ ጠብቆ፣ በጥንቃቄ። ከመጨረሻው ቀዳዳ የተረፈው ገመድ ደግሞ ረጅም ነው፤ ሌላ ሃያ አንድ ቀዳዳ የሚበቃ።

«ይሄን ማን አስገባው?» አልኳት።

«አባቴ ነዋ። ያያትሽ የቀብር ቀን ማለዳ። ሸራውን ሲያወጣ ቀዳዳዎቹን አያቸው፤ ከዚያ በፊት ልብ ብሎ አላያቸውም። ቁጭ አለና አለቀሰ። ‹ታፈሳ መልሱን በመርፌ ጽፎልኝ ነበር፣ ማንበብ አቃተኝ› አለ። ከዚያ ገመዱን አስገብቶ፣ ጫፉን ጨብጦ ሄደ። ከናንተ ወገን አንድ ሰው ‹እንሰር› ቢለኝ ወዲያው አስራለሁ ብሎ።»

«ለምን እሳቸው አላሉም?»

«እንዴት ይላል ብርቄ? ተበዳይ ነው። በዳይ ቤት ሄዶ ታረቁኝ የሚል ተበዳይ አይተሽ ታውቂያለሽ? ደግሞ ሸራውን የሰፋው ያንቺ ሰው ነው። ‹የሱ ቤት ያውቃል፤ ዝም ካሉ አልፈለጉም ማለት ነው› አለ። ቀኑን ሙሉ ከዚያች ጠርዝ አልተነቃነቀም። ገመዱን በጋቢው ሥር ጨብጦ። ገመዱን ከለቀቅኩት ከሸራው ላይ ይንጠለጠላል፣ ሰው ያየኝና ለማኝ እመስላለሁ ብሎ ፈራ። ለአጎትሽ እንኳ...» አለች።

ከዚያ አልኳት። ሠላሳ ዓመት ለማንም ያላልኩትን። «ቤታችን አያውቅም ነበር። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። አሥራ አንዱን ቀዳዳ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አባባ ‹አንቺ አለሽ› ብሎኝ ነበር። ልናገር አፌን ከፍቼ ‹ምንም› አልኩ። የኛን ግማሽም እኔ ነኝ የቆራረጥኩት። አሁን ይሄ ገመድ የሚገባበት የለም።»

ጫልቱ ሸራውን አየች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ። አጠገቤ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች።

«እሱም አፍ ነበረው እኮ» አለች።

ከዚያ የገመዱን ጫፍ አንሥታ መዳፌ ላይ አኖረችው። «ያዢው። ያንቺ ነው» አለች። ገመዱ ደረቅ ነው፤ ሰሙ ግን እንደ ወፍራም ቆዳ ዙሪያውን ለብሶታል። ጫፉ ላይ አንድ ቦታ ተጨምድዷል። ዓይኔ ደክሟል፣ በጣቴ ዳሰስኩት። በዝናብ፣ በጋቢ ሥር፣ በሙቅ መዳፍ ቀኑን ሙሉ ተጨብጦ ሰሙ ተቀርጿል። አራት የጣት ጎድጓዳ፣ ከማዶ አንድ የአውራ ጣት። ጣቶቼን አንድ በአንድ አስገባኋቸው፤ የሳቸው እጅ ትልቅ ስለነበር ሰፋኝ። አውራ ጣቴ የት እንደሚያርፍ ግን እጄ ራሱ አገኘው።

ቀኝ እጅ ነበር።